በየደጁ ሰላምታ

ሐምሌ ነው። አውቶቡስ ተራ ላይ ወደ አየር ጤና የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገብቼ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ዝናብ የጠጣ ባና የተከናነቡ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ባናው ጥቁር ነው፤ ወፍራም፣ ጠርዙ ያለቀ፣ ውሃው ገና ጠብ ጠብ የሚል። ወያላው መስኮቶቹን ዘግቷቸዋል። የእርጥብ በግ ጠጉር ሽታ ከኩበት ጭስ ጋር ተደባልቆ ታክሲውን ሲሞላው ከፊታችን ያለችው ልጅ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች። እኔ ግን ወደ ሽማግሌው ጠጋ አልኩ። «ከየት መጡ፣ አባባ?» ብላቸው «ከላይ ነው፣ ከወሎ» አሉኝ። ከወሎ የት እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ታክሲው ተነሳ። ዘነበወርቅ እስክንደርስ ድረስ እኔ መካነ ሰላም ነበርኩ።

የባና ሽታ የአያቴ ቤት ሽታ ነው። መካነ ሰላም ደጋ ነው፤ በለጋምቦ በኩል ከአምባ ፈሪት ተንደርድሮ የሚመጣው ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በምዕራብ በኩል ደግሞ አገሩ ቁልቁል ወደ ዓባይ ቆላ ይወርዳል። ክረምት ሲሆን ከገበያና ከእርሻ የገባ ሰው ሁሉ ባናውን ምድጃው አጠገብ በተወጠረው ገመድ ላይ ይጥላል፤ ባናውም ሌሊቱን ሙሉ እንፋሎት ሲተፋ ያድራል። እኛ ልጆች በዚያ እንፋሎት ውስጥ ተኝተን በዚያው ውስጥ እንነቃለን። ልብሳችን፣ ጠጉራችን፣ ደብተራችን ሳይቀር በግ በግ ይላል። ትምህርት ቤት ሁሉም እንደዚያው ስለነበር ማንም ማንንም አይሸተውም።

አያቴ ከዋናው ቤት ጀርባ በአንድ ረዥም የቆርቆሮ ክዳን ሥር የተደረደሩ የጭቃ ክፍሎች ነበሯት። «ሰርቪሶቹ» እንላቸው ነበር። ተከራዮቿ ከሩቅ አገር ተመድበው የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። በደርግ ዘመን መምህሩንም ነርሷንም የሚመድበው አዲስ አበባ ያለው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ስለነበር፣ የነቀምቴው ልጅ የእኛው የወሎ ቦረና፣ የቦረናው ልጅ አርባ ምንጭ ሊደርሰው ይችላል። በዚህ ምክንያት፣ አገር ምድሩ አማርኛ ብቻ በሚያወራባት በዚያች ትንሽ ከተማ፣ በእኛ ግቢ ከወለጋ የመጣ መምህር፣ ከአድዋ የመጣች ነርስ፣ ከወላይታ የመጣ የእርሻ ባለሙያና ከሐማሴን የመጣ ፖሊስ አንድ ግድግዳ ተጋርተው ይኖሩ ነበር። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል፣ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ።

የአያቴ ሕግ አጭር ነው። ማንም ልጅ ቁርስ ከመቅመሱ በፊት በየደጁ ዞሮ «እንደምን አደራችሁ» ይላል፤ የሚለውም በባለደጁ አፍ ነው። ምክንያቷን የጠየቃት ልጅ ነበር፤ እኔ አልነበርኩም። «ከሰው አገር መጥቶ በእኔ ጣራ ሥር ያደረ ሰው፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳለፈው ሲጠየቅ መጀመሪያ ማስተርጎም የለበትም» አለችው። ከዚያ በላይ አላብራራችም፤ ቆሎውን እያመሰች ነበር።

እኔ የሞቀ ውሃ በኩስኩስት ይዤ እወጣለሁ። የመጀመሪያው ደጅ የመምህሩ ነው። ሁልጊዜ መፋቂያውን ነክሶ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የማገኘው፤ ጣቶቹ ጥግ ላይ የትናንት ጠመኔ አለ።

«አካም ቡልቴ?»

«ነጋ! አቲ ሆ፣ አካም ቡልቴ?»

«ነጋ» እላለሁ። መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ «ቡልቴ ለእኔ ይበቃል፤ አባቴ ከመጣ ግን ቡልተን ነው የምትይው» ይለኛል። አባቱ መቼም አልመጣም፤ መካነ ሰላምና ወለጋ በዚያን ጊዜ አውቶቡስ የሁለት ዓለም ያህል ይራራቃሉ። እኔ ግን ለአባቱ ቡልተን ለማለት ተዘጋጅቼ ነው ያደግሁት።

ቀጥሎ ሲስተር ናት። የሲስተር ክፍል የክሊኒክ አልኮልና የተቆላ ቡና ይሸታል። በሯን ሳንኳኳ «እተዊ» ትለኛለች። «ከመይ ሓዲርኪ?» ስላት ከሁሉ አስቀድማ ሓ‑ዬን ታዳምጣለች። «ከታች፣ ከጉሮሮሽ አምጪው» ትላለች፣ አንገቴን በሁለት ጣቷ ነካ አድርጋ። ፊደል ገበታው ላይ ሀ እና ሐ ለየብቻ ለምን እንደተቀመጡ የኔታም መምህሬም ነግረውኝ አያውቁም ነበር፤ የገባኝ የሲስተር ጣት ጉሮሮዬ ላይ ባረፈ ጊዜ ነው። አንዱ ፊደል እንዲያው ለጌጥ ሳይሆን የሚኖርበት አገር ያለው መሆኑን ስረዳ የቆየ ምስጢር የተገለጠልኝ መሰለኝ።

የወላይታው ሰው «ሳሮ አቃዲ» ሲባል ከአልጋው ሳይነሳ ነው የሚመልሰው፤ ብርዱን አይችለውም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ተማሪ ነበር። ዘመቻው ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ስለነበር በአገሩ ገበሬዎችን ፊደል አስቆጥሯል። ስለዚያ ክረምት ሲያወራ ብርዱን ይረሳል። «የአባቴን ጓደኛ ስሙን በገዛ ቋንቋው ሲጽፍ እጁን የያዝኩለት እኔ ነኝ» ይል ነበር። ደጋግሞ ስለሚያወራው እኛ ልጆቹ በቃላችን ይዘነው፣ እሱ ሲጀምር እኛ እንጨርስለት ነበር።

እነዚህ ሁሉ ሰዎች የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሌሊቱ። ማደር፣ ማደር፣ ማደር። ጠዋት ተነስቶ ሰውን «መልካም ጠዋት» ማለት የሬዲዮ ነገር ነው። እኛ አገር ጠዋቱ መልካም ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም፤ የታወቀው ሌሊቱ ነው፤ ጅብ አልገባም፣ ሕፃኑ አላተኮሰውም፣ ጣራው አልተነቀለም። ይህን የጋራ ጥያቄ ያወጣው ብርዱ ይሆን፣ በረቱ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

አያቴ ሰውን በቋንቋው ሰላም የማለትን ጠባይ ያመጣችው ከአባቷ ነው። አባቷ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ አጋሰስ ጭነው እስከ ባቲ ይወርዱ ነበር። ባቲ ሰኞ ሰኞ ይገበያያል፤ ከደጋው አማራው፣ ከወገቡ ኦሮሞው፣ ከቆላው አፋሩ የሚገናኙበት ገበያ ነው። ልጅ ሳለች አንድ ጊዜ አስከትለዋት ወርደዋል። ስለ ሙቀቱና ስለ ግመሎቹ ብዙ አወራችልን፤ ከሁሉ በላይ ግን ያልረሳችው አባቷ ከአንድ አፋር ጋር የተቀመጡትን ነው። «ማሒሴ» ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ጨው አልተነሳም፣ ዋጋ አልተነሳም። ሰውዬው ከየት ተነስቶ በየት እንዳለፈ፣ ዝናብ የት እንደ ዘነበ፣ ሣሩ የት እንዳለ፣ ማን ከማን እንደ ተጋጨ አንድ በአንድ ነገራቸው፤ እሳቸውም የደጋውን ነገሩት። አፋሮች ይህን ዳጉ ይሉታል። ሰው ከሰው ሲገናኝ የያዘውን ወሬ ሳያዛባ ማካፈል ግዴታው ነው፤ በረሃ ላይ የሰውና የከብት ሕይወት የሚድነው በዚያ ነው። ልጅቱ ፀሐይ ሲመታት «አባባ፣ አንሄድም?» ብትል «ዳጉ ሳይጨርስ ዋጋ የጠየቀ ሰው ጨውን በእጥፍ ይገዛል» አሏት። አያቴ ከዚያ ወዲህ ባቲን አላየችም። ሆኖም ከአፋር አገር የሚመጣ ሹፌር ከተማችን አደረ ሲባል «ማሒሴ» ልትለው ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣ ነበር።

ስለ ትግርኛዋ ግን ዝም ማለት አልችልም። ትግርኛን የተማረችው ከሲስተር ነው፤ ሲስተርን ስታናግር ትክክል ነው የምትናገረው። ከዚያ ግን ያንኑ ወስዳ ለፖሊሱ አዋለችው። ፖሊሱ ስድስት ክንድ የሚያህል፣ ሪዙ ከጆሮው የሚደርስ ሰው ነው፤ ቀበቶው ላይ ሽጉጥ አለ። አያቴ በየማለዳው በረንዳው ላይ ቆማ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «ከመይ ሓዲርኪ!» ትለዋለች። መጀመሪያ ሰሞን አቀርቅሮ አለፈ። ሲስተር በሁለት እጇ አፏን ይዛ ወደ ክፍሏ ትሮጣለች። ቆይቶ «እማማ፣ እኔን ሓዲርካ ነው የሚሉኝ» አላት። «ኧረ እንዴት ብዬ! አክብሬህ አይደል» አለችው፤ በአማርኛ «አንቺ» ማለት ለወንድ የፍቅር ቃል ሊሆን ስለሚችል፣ ትግርኛውንም በዚያው ሒሳብ ያዘችው። ሰውዬው እስኪዛወር ድረስ በየማለዳው ሴት ሆኖ አደረ። ከጊዜ በኋላ እንዲያውም ካላለችው ቅር ይለው ጀመር።

ከግቢው ውጭ ያለው ሰላምታ ሌላ ነው። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ሼህ ሲያልፉ «አሰላሙ አለይኩም» ይላሉ፤ አያቴ ማተቧን እንዳሰረች «ወአለይኩም ሰላም» ብላ ትመልሳለች፤ እጅ ለእጅ ተሳስመው ስለ በልጉ ያወራሉ። ሕፃን ታሞ፣ ላም ጠፍታ፣ ልጅ ፈተና ወድቆ ቢሆን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «አብሽር» ነው የሚባባለው። ይህን ስጽፍ «ወሎ ፍቅር ነው» የሚለው ነገር እንዳይመጣብኝ እየፈራሁ ነው፤ በየዘፈኑና በየቲሸርቱ ሲባል ሰልችቶኛል። የማስታውሰው ፍቅር አይደለም፤ ሥርዓት ነው። አያቴ ከተከራዮቿ መካከል ከልቧ የማትወደው ነበር፤ ኪራይ የሚያዘገይ። እሱንም በቋንቋው ነበር እንዴት አደርክ የምትለው፤ ቀጥላ ደግሞ በአማርኛ ኪራዩን ትጠይቀዋለች።

መምህሩን አገሩ እንዲመስለው ያደረገው ከሰላምታችን ይልቅ የቦታው ስም ነበር። ቦረና፣ ለጋምቦ፣ ለጋሂዳ፣ ወረኢሉ፣ ወረሂመኖ። የመጣ ዕለት ከደሴ ጀምሮ የአውቶቡሱ ረዳት የሚጠራውን ሲሰማ «ወደ ኋላ እየወሰዱኝ ነው እንዴ» ብሎ ደነገጠ። ለጋው ወንዝ፣ ወረው ወገን፣ ቱሉው ኮረብታ። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የገቡት ኦሮሞዎች በዚህ አገር ከነባሩ ሕዝብ ጋር ተዋልደው፣ ቋንቋቸው በአማርኛ ሲተካ ስማቸውን መሬቱ ላይ ትተውታል። ቱሉ አውሊያ የሚባለው ከተማ ስም ደግሞ ግማሹ ኦሮምኛ ግማሹ ዓረብኛ ሆኖ በአማርኛ ተናጋሪ አፍ ይጠራል። እኛ ልጆች ይህን ሁሉ እየጠራን፣ መምህሩ ኦሮምኛ ሊያስተምረን የመጣ ይመስለን ነበር፤ ወንዙን በኦሮምኛ እየተሻገርን። እሱ ይህን ሲያስበው ይስቅ ነበር፤ የሚያሳዝነው ግን የቦታውን ስም የሚጠራው ሁሉ ትርጉሙን ሲጠይቀው ነው። «እኔ እዚህ የመንገድ ምልክት ሆንኩ» አለ አንድ ቀን።

ማታ ማታ ከአገሩ የሚገናኘው በሬዲዮ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ የኦሮምኛ ፕሮግራም የሚጀምርበትን ሰዓት ጠብቆ ባትሪውን ፀሐይ ላይ አሙቆ ያስገባል። እኛ ደፉ ላይ ተኮልኩለን ከሚናገሩት ውስጥ የምናውቃትን አንዲት ቃል፣ «አካም»ን፣ ስንሰማ እንደ ጎል እንጮሃለን። አልፎ አልፎም ‹በሪሳ› ጋዜጣ ይደርሰዋል፤ ሳምንታት ያለፈው፣ ጫፉ የተቀደደ። ያኔ በሪሳ የሚታተመው በእኛው ፊደል ስለነበር እኔ ጮክ ብዬ አነበው ነበር፤ አንድም ነገር አይገባኝም፣ እሱ ግን ይገባው ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጠኛል። በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ ኦሮምኛ ወደ ላቲን ፊደል ሲዞር ከሁሉ አስቀድሞ ያሰብኩት ያን ነው፤ ከእንግዲህ አንድ የወሎ ልጅ ያላወቀውን ቋንቋ ለባለቤቱ ማንበብ አይችልም።

የአጎቴን ነገር ሳልናገር ይህን ቤት መናገር አይቻልም። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ተመዝግቦ ሄደ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ሲጓጓዝ እሱ ወለጋ ደረሰው። ገሚሱ ወዶ፣ ገሚሱ ተገድዶ ነው የሄደው፤ አጎቴ ከየትኛው እንደነበር ቤታችን ውስጥ ሁለት ወሬ አለ። ለረጅም ጊዜ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ደብዳቤ መጣ።

አያቴ ማንበብ አትችልም። ደብዳቤውን ይዛ በቀጥታ ወደ መምህሩ ክፍል ሄደች፤ እኛም ተከትለን ገባን። «ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል፤ ሁሉም ደብዳቤ እንደሚጀምረው። መሬቱ በቆሎ ያበቅላል ይላል፣ ወባ አለ ይላል፣ የአገሩ ሰዎች የመጀመሪያውን ክረምት ያለ እነሱ አናልፈውም ነበር ይላል። መምህሩ ረጋ ብሎ እያነበበ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ወረቀቱን ወደ ኩራዙ አስጠግቶ እንደገና አየው። ከፊርማው በላይ በደንብ ባልተለማመደ እጅ፣ በፊደላችን፣ «ነጋቲ» የሚል አለ። ወለጋ ያደገው መምህር መካነ ሰላም ቁጭ ብሎ፣ ወለጋ የሄደ የቦረና ሰው በኦሮምኛ ሲሰናበተው መሆኑ ነው። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቋርጦ ኩራዙን አስተካከለ፣ የተስተካከለውን። አያቴ የቃሉን ነገር ስትሰማ ምንም አላለቀሰችም። «እንግዲያ አንተ እኔ ዘንድ፣ እሱ እናትህ ዘንድ ነው» አለችው። መልሱንም እዚያው አጻፈችው፤ የመጀመሪያው መሥመር «አካም ቡልቴ» እንዲሆን አዘዘች፣ «ናፍቆት በስተቀር»ን ከእሱ በታች አወረደችው።

ከዚያ ጊዜው ከበደ። በየካቲት 1981 ዓ.ም. የመንግሥት ጦር ትግራይን ለቆ ከወጣ በኋላ ለሲስተር ከአድዋ ደብዳቤ መምጣቱ ቀረ። ጦርነቱም ወደ ወሎ ወረደ። በግቢው ውስጥ ትግርኛ የሚናገሩት ሁለት ሰዎች፣ ሲስተርና ፖሊሱ፣ እርስ በርሳቸው በአማርኛ ማውራት ጀመሩ። ማንም ያዘዛቸው የለም። ሲስተር አንድ ማለዳ አያቴን ጠጋ ብላ «እማማ፣ በረንዳ ላይ አይበሉኝ» አለቻት። አያቴ ለምን አላለችም። በማግሥቱ በየደጁ በአማርኛ ዞረች፤ ሲስተር ክፍል ስትደርስ ግን ገባች፣ በሩን ከውስጥ ዘጋች፣ ከዚያ «ከመይ ሓዲርኪ» አለቻት። ይህን የማውቀው ኩስኩስቱን ይዤ ተከትያት ስለገባሁ ነው። ሲስተር ስትመልስላት ሓ‑ዋ ከወትሮው ይበልጥ ከሥር የሚወጣ መሰለኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ እዚህ አዲስ አበባ የቢሮ ጓደኛዬ እናቷ ስትደውል ስልኩን ይዛ ወደ ደረጃው ስትወጣ አይ ነበር። ምን ልትል እንደምትወጣ ገብቶኛል። እንደ አያቴ ተከትዬ ወጥቼ በሩን የምዘጋበት ደረጃ ግን አልነበረም።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሰርቪሶቹ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። ፖሊሱ ከዚያ በፊት ተዛውሮ ነበር። ሲስተር መንገዱ እንደተከፈተ አገሯ ገባች። መምህሩ የቆየው ትንሽ ነው፤ ክልሎች መምህሮቻቸውን ራሳቸው መቅጠር ሲጀምሩ ነቀምቴ ቦታ አገኘ። በእነሱ ፋንታ የገቡት ከወግዲ፣ ከከላላ፣ ከሳይንት የመጡ ናቸው፤ ጥሩ ሰዎች፣ የራሳችን ሰዎች። ሕገ መንግሥቱ ቋንቋዎች ሁሉ እኩል ናቸው አለ፤ ከሚሴ በኦሮምኛ፣ ሰቆጣ በኽምጣንጋ፣ እንጅባራ በአዊኛ ማስተማር ጀመሩ፤ ይህ መልካም ነው፣ ማንም ሊክደው አይገባም። የእኛ ግቢ ግን በዚያው ጊዜ ቋንቋዎቹን ሁሉ አጣ። እያንዳንዱ በአገሩ ሲከበር፣ በሰው አገር የሚሰማበት አጋጣሚ ጠበበ። አያቴ በመጨረሻ ዓመታቷ ጠዋት ወጥታ «እንደምን አደራችሁ» ብቻ ብላ ስትመለስ፣ ሥራዋን አንድ አራተኛ ሠርታ የገባች ይመስል ነበር።

አሁን ግቢው የአክስቴ ነው። የጭቃው ክፍል በብሎኬት ተተክቷል፤ ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ የባናውን ቦታ ከዱባይ የመጣ ብርድ ልብስ ወስዶታል፣ ምንም አይሸትም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ ከከፈተ ወዲህ፣ ያ የድሮው ምደባ በሌላ በር ተመለሰ። ተማሪ ከየአገሩ ይመደባል፤ ከዶርም ውጭ ክፍል የሚፈልገው አክስቴን «ማዘር» እያለ ይመጣል። መጀመሪያ ከሶዶ የመጣች ልጅ ስትገባ አክስቴ ከወላይታው ሰው የተማረችውን ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ቆፍራ አውጥታ «ሳሮ አቃዲ» አለቻት። ልጅቱ ጀሪካኑን መሬት ላይ ጣለችው።

በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ፖሊሲ ሲያጸድቅ አክስቴ በቴሌቪዥን ሰምታ «ወላይታውን ረሱት» አለች። የእሷ ዝርዝር በተከራይ ነው የሚሠራው።

ከአዲሶቹ ተከራዮች መካከል ኪራይ የማይከፍሉ አሉ። የአጎቴ ልጅና ልጆቹ ናቸው። አጎቴ ወለጋ ተቀብሯል፤ ቀብሩ ላይ ኦሮምኛም አማርኛም ነው የተለቀሰው ብለውኛል። ልጁ ግን ቤቱን ጥሎ ወጣ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ቶሌ ላይ ብዙ ሰው ሲጨፈጨፍ፣ ከሞቱት ብዙዎቹ ከወሎ የሰፈሩ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። የአጎቴ ልጅ የሚኖረው ሌላ ወረዳ ነው፤ ያን ሲሰማ ግን አልቆየም። ኦሮምኛ ከእኛ ሁሉ አብልጦ ያውቃል፤ እዚያ ተወልዶ፣ እዚያ ተምሮ፣ እዚያ አግብቷል። አያቴ በረንዳ ላይ የምታስተምረን ሁለት ቃል ይህን ያህል ነገር ይከላከላል ብዬ አላውቅም፤ ሙሉ ቋንቋውም አልተከላከለለትም። ያወጣቸውም ግን ቋንቋውን የሚናገር ጎረቤት ነው፤ ሌሊት በጓሮ በኩል እስከ መኪና መንገድ ድረስ ሸኝቷቸዋል። የጎረቤቱን ስም ሲያነሳ የአጎቴ ልጅ ዛሬም በክብር «ኦቦ» ብሎ ነው የሚጠራው።

መካነ ሰላም ስሄድ ያየሁት ይህን ነው። ማለዳ የአጎቴ የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ቦኖው ላይ ተራ ይዘው ነበር። እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው፤ ስለ ተራው እየተጨቃጨቁ። ከኋላቸው የቆመች ሴት «ከዚያ ያመለጣችሁ አይደላችሁ? አሁንም በእሱ ነው የምታወሩት?» አለቻቸው። ልጆቹ ዝም አሉ። ሴትዮዋን አልፈርድባትም፤ እሷም ከዚያ አገር የመጣ ሬሳ ያለቀሰች ናት። አክስቴ ከአጥሩ ውስጥ ሰምታ ኖሯል። ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ለሴትዮዋ ምንም አላለቻትም። ልጆቹን ብቻ፣ አያቴ ፖሊሱን በምትጣራበት ድምፅ፣ ከመንገዱ እስከ መንገዱ በሚሰማ፣ «አካም ቡልተን!» አለቻቸው። ለሁለት ሰው ቡልተን ነው፤ አልተሳሳተችም። ወንዱ ልጅ ግራ ቀኙን አየና «ነጋ» አለ፣ ዝቅ አድርጎ። ትንሿ ግን ድምፅ መቀነስ ገና አታውቅም።

ወንዱ ልጅ ደብተሩን አሳይቶኛል። ከፊተኛው ገጽ የአማርኛ ትምህርት፣ ከኋላው ገጽ በላቲን ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ አለ፤ ለቀድሞ የክፍል ጓደኛው የሚጽፈው ነው፣ በስልክ እያነሳ የሚልክለት። ሁለቱ ገጾች እየጻፈ ወደ መሐል ሲሄዱ የት እንደሚገናኙ አላውቅም፤ እሱም መስመር አሰምሮ እየጠበቀ ነው።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ደወለችልኝ። ከጅግጅጋ የመጣ ተማሪ የመምህሩ ክፍል ውስጥ ሊገባ ነው። ሶማሊኛ በዚያ ግቢ ተሰምቶ አያውቅም፤ ዝርዝሯ ውስጥ የለም። «አንቺ አዲስ አበባ ምን ትሠሪያለሽ፣ ጠይቂና ንገሪኝ» አለችኝ። ቦሌ ሚካኤል ሄጄ የግመል ወተት የሚሸጥ ሰውዬ ጠየቅሁ። «ኢስካ ወረን» አለኝ፤ መልሱን ሳልይዝ እንዳልሄድ ደግሞ «ዋ ነበድ»ን አስደገመኝ፣ የወተቱን ዋጋ እንኳ ሳይነግረኝ። ለአክስቴ ደወልኩላትና ነገርኳት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ በአፏ አመላለሰችው።

«ለወንድም ለሴትም ያው ነው?»

«ያው ነው።»

«እንግዲያ ጣጣ የለውም። እናቴን ፖሊሱ ላይ ያደረሳት ይኸው አልነበር» ብላ ዘጋችው። ብዙም ሳትቆይ መልሳ ደወለች።

«ጓደኛ ይዞ ቢመጣስ? ለሁለት ሰው ምንድነው የሚባለው?»

እንደገና ቦሌ ሚካኤል ልሄድ ነው።